ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ቅመሱት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ከዚራ የምኖር ጡረተኛ ነርስ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ኑሮ ውድነትም ስለ ኳስም አይደለም። ከውሃ ውስጥ ኖራውን ስለሚያወጣው የውሃ ማለስለሻ ማሽን ነው። ሻጮቹ ሶፍትነር ይሉታል።

ጎረቤቴ ባለፈው ወር የእሷን ለቁራሌው ሰጠችው። «ያፈሳል» ብላ በሁለት ሳፋና በአንድ ጆግ ለወጠችው። በማግስቱ ስትነግረኝ አንጀቴ ነው ያረረው። የኔም ልክ እንደዚያው ሲያፈስ ነበራ! የዳነው በአንዲት የላስቲክ ቀለበትና በትንሽ አቼቶ ነው።

የድሬን ውሃ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ዙሪያችን የኖራ ድንጋይ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ከሳቢያን ጉድጓዶች የሚመጣልን ውሃም ያንን ኖራ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ማንቆርቆሪያ ነጭ ይለብሳል። ሳሙና አረፋ አልሰጥም ይላል። በሥራ ዘመኔ የሕክምና ዕቃ መቀቀያውን ቅርፊት ስፍቅ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ እዚያው ቅርፊት ቤቴ ጠበቀኝ። የቦይለሬ ሬዚስታንስ ለሦስተኛ ጊዜ ሲቃጠል ልጄ ከአዲስ አበባ ማለስለሻውን ገዝታ ላከችልኝ።

ማሽኑ የሚያስፈራ ነገር የለውም። አንድ ረጅም ታንክ አለ፤ ውስጡ ረዚን የሚባሉ ጥቃቅን ፍሬዎች ሞልተውበታል። ፍሬዎቹ ውሃውን ኖራማ የሚያደርጉትን ካልሲየምና ማግኒዚየም ይይዛሉ፣ በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ሲጠግቡ ማሽኑ ከጎኑ ካለው በርሜል ጨዋማ ውሃ መጥጦ ያጥባቸዋል። ይህን ሁሉ የሚያዘው ታንኩ አናት ላይ ያለው ቫልቭ ነው። ጭንቅላት ይሉታል።

አንድ ቀን በጠዋት ጓዳ ስገባ ነጠላ ጫማዬ ቸፍ አለ። ጥግ ያስቀመጥኩት የጨው ከረጢት ከሥሩ ርሷል። የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ልጁ ደግ ነው። «ማዘር፣ አታስቢ አቦ» አለኝ። (በድሬ አንቱታ ብዙም የለም፤ አልተቀየምኩም።) ቃጫ ጠመጠመ፣ በላዩ ቴፍሎን ደረበ፣ ቀለበቱን አውጥቶ ቫዝሊን ለቀለቀው፣ በትልቁ የቧንቧ መፍቻ ጠርቅሞ አሰረው። ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በሳምንቱ ከበፊቱ ባሰ።

አዲስ አበባ ወደሸጠልን ሰው ደወልኩ። «ጭንቅላቱ በሙሉ ይቀየራል» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ «የማሽኑ ነው የኔ?» አልኩት። አልሳቀም።

እንግዲህ ሕመምተኛ ሲመጣ መጀመሪያ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ይባላል። ማሽኑን ግን የት ጋ እንደሚያፈስ ማናችንም አላየነውም። ሁላችንም ያየነው ወለል ላይ ያለውን ኩሬ ነው። ኩሬ ደግሞ ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ ከላይ የፈሰሰ ታች ነው የሚተኛ። ወለሉን አደረቅሁ፣ ማሽኑን ከአናቱ እስከ እግሩ ወለወልኩት። በየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት እየቆረጥኩ አስቀመጥኩ። በርጩማ ስቤ ቁጭ አልኩ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። መጀመሪያ የረጠበችው ከኋላ፣ ቧንቧው ከጭንቅላቱ ጋር የሚጋጠምበት ሥር ያለችው ናት። ቀጥሎ ከጨው በርሜሉ ጎን ያለችው። ሁለቱንም በጣቴ ነክቼ ምላሴ ጫፍ ላይ አደረግሁ። የፊተኛው ተራ ውሃ ነው። የኋለኛው ፊት ያጨማድዳል። እንትፍ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። በሽታው ሁለት ነበር።

ከፊተኛው ጀመርኩ። ማሽኑን ከሶኬት ነቀልኩ፣ ፓምፑን አጠፋሁ፣ ዋናውን መዝጊያ ዘጋሁ፣ ቅርብ ያለውን ቧንቧ ከፍቼ ውሃው እስኪቆም ጠበቅሁ። ይህን ሳታደርጉ አንድም ነገር እንዳትፈቱ፤ ልብሳችሁን ትቀይራላችሁ። ቀለበቱ ሲወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አብጧል። ሲነኩት ይልፈሰፈሳል። ወደ ቦታው ልመልሰው ብል ረዝሞ አልገባ አለ፤ በአንድ በኩል ስከተው በሌላ በኩል ይወጣል።

ጉዱ ያለው ቫዝሊኑ ላይ ነው። ቫዝሊን የድፍድፍ ነዳጅ ዘር ነው። በእንዲህ ያለ ዕቃ ውስጥ በብዛት የሚገባውን ጥቁር ላስቲክ ያሳብጠዋል። የጋራዥ ግሪስም ያው ነው። የሚቀባው የሲሊኮን ግሪስ ነው። የት ይገኛል ብትሉ፣ የማኪያቶ ማሽን የሚጠግን ሰው ጋ ሂዱ። እነሱ የሚጠቀሙት እሱን ነው። ለኔ በጥርስ ሳሙና ክዳን ልክ ሰጠኝ። ቀለበቱንም ከቆርቆሮው ውስጥ ሲፈልግ ቆይቶ ልኩን አወጣልኝ። ታዲያ ያበጠውን ለልክ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። እኔ በሌላው መገጣጠሚያ የነበረውን፣ ቫዝሊን ያልነካውን ነው ይዤ የሄድኩት። ቀለበት ባለበት ቃጫም ቴፍሎንም ሥራ የለውም፤ ውሃውን የሚይዘው ቀለበቱ ነው። መልሼ ያጠበቅሁት በእጄ ብቻ ነው። ፕላስቲክ ነው፣ ይሰነጠቃል። የልጁ መፍቻ እስካሁን አለመሰንጠቁ ራሱ ተአምር ነው።

ጨዋማው አስቸገረኝ። በርሜሉ ሞልቶ፣ ጎኑ ላይ ካለችው የትርፍ ውሃ መውጫ ነበር የሚንጠባጠበው። ለምን ሞላ? ማሽኑ ራሱን ባጠበ ቁጥር በርሜሉ ውስጥ ያለውን መጥጦ አዲስ ውሃ ይሞላል። መምጠጡ ሲያቅተው ግን መሙላቱን አይተውም። ያልተጠጣ ብርጭቆ ላይ እንደ መቅዳት ነው። ውሃውን ሊያስቆም የሚገባው ተንሳፋፊም በጨው ተጣብቆ ቀጥ ብሏል።

የሚመጠው በጭንቅላቱ ውስጥ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ኢንጀክተር ይሏታል። ሞተር የላትም። ውሃ በእሷ ውስጥ ሲወረወር ጨዋማውን ጎትቶ ያመጣል። ፈትቼ ወደ መስኮቱ አዞርኳት። ብርሃን አያልፍባትም። ቡናማ ደለል ጠቅጥቋታል። ከየት የመጣ ደለል? ከራሴው ጨው! ለማለስለሻ ተብሎ የተሠራውን እዚህ ስላጣሁ ከቀፊራ ገበያ ጥሬ የአፍዴራ ጨው ነበር የምገዛው። አሸዋ አለው። ኢንጀክተሯን በአቼቶ ዘፍዝፌ በስቴኪኒ ጠረግኋት። መርፌ አትጠቀሙ፤ ቀዳዳዋ ከሰፋች መምጠጥ ትተዋለች። ደቃቁን የገበታ ጨውም ሞክሬዋለሁ። በርሜሉ ውስጥ ተጋግሮ ከላይ ድንጋይ፣ ከሥር ባዶ ሆነብኝ። አሁን ጥሬውን ጨው በአሮጌ ነጠላ በሰፋሁት ከረጢት አድርጌ ነው የማስቀምጠው። ጨዉ ይሟሟል፣ አሸዋው ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል።

ሮቶ ብቻ ላላችሁ ደግሞ፣ አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው አንድ ባር ግፊት ነው። ሮቷችሁ ሦስት ሜትር ላይ ከሆነ የሚደርሳችሁ የዚያ ሲሶ ገደማ ነው። በዚያ ጉልበት ጨዋማው ውሃ አይጎተትም። ፓምፕ ያስፈልጋል።

የሰዓቱም ችግር ነበረ። ማሽኑ ራሱን የሚያጥበው ሌሊት፣ በፈረንጅ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ለእኛ ሌሊት ስምንት መሆኑ ነው። ማሽኑን መጀመሪያ የገጠመልኝ ልጅ ግን ሰዓቱን ጠዋት በአራት ሰዓት «4፡00» ብሎ ሞላው። ማሽኑ ምን ያድርግ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት መሰለው! በየዙሩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፊቴን ስታጠብ እሱም ይታጠብ ነበር። እሱ ሲታጠብ ቧንቧዬ የሚሰጠኝ ያልለሰለሰውን ውሃ ነው። ሳሙናው ለምን አልፎ አልፎ እንደሚያኮርፍ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሳልረሳው፣ የመጠጥ ቧንቧዬ በማለስለሻው አያልፍም። የለሰለሰ ውሃ ሶዲየም አለው፣ እኔ ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ቡናዬን የማፈላው በኖራው ውሃ ነው።

ለሻጮች አንድ ልመና አለኝ። ማሽኑን ስትሸጡ ከጎኑ አንድ ፌስታል ቀለበትና ጣት የምታህል የሲሊኮን ግሪስ ጨምሩበት። አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉ፤ ሰዓቱን በየትኛው አቆጣጠር እንደምንሞላም ይኑርበት። «ጭንቅላቱ ይቀየራል» ከማለታችሁ በፊት ደግሞ «ጨው ጨው ይላል?» ብላችሁ ጠይቁን።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ከነገርኳት ወዲህ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ቁራሌው በሰፈራችን አላለፈም። የሚያውቀው ሰው ካለ ንገሩልን፤ ሳፋዎቹ አልተነኩም፣ ጆጉ ብቻ ትንሽ ተሰንጥቋል።

አክባሪያችሁ
ጡረተኛዋ ነርስ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ