«ሰው ይመጣል?»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ተሸክሜ አዲስ አበባ እገባለሁ። ሁለት ሦስት ቀን አድሬ እመለሳለሁ። ትዳር የለኝም። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቼም እኔ ምሳ ሲርበኝ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ ብቻዬን እበላለሁ። ጉዳዬ ይኼው ነው። ለጋዜጣ የሚበቃ አይመስልም ይሆናል። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ብትጠየቁ እናንተም ብዕር ታነሣላችሁ።

ጥያቄው «ሰው ይመጣል?» የሚል ነው።

የቅርቡን ልንገራችሁ። ላምበረት መናኸሪያ ወርጄ፣ አንዱን ቢሮ ጨርሼ፣ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ፍስክ ነው፣ ጥብስ አምሮኛል። ጠዋት ከቤት ስወጣ የቀመስኩት ሻይ በዳቦ ብቻ ነበር። አስተናጋጁ ሜኑውን እንደያዘ ከኋላዬ በሩን አየ።

«ሰው ይመጣል?»

«አይ፣ እኔው ነኝ።»

«ለብቻሽ?»

«ለብቻዬ።»

መታጠቢያው ጎን ያለችውን ጠረጴዛ አሳየኝ። የምታውቋት ናት። በየቤቱ አለች። እጁን የታጠበ ሁሉ እያራገፈ የሚያልፍባት፣ አንድ እግሯ አጠር ያለች። ተቀመጥኩ። ጥብስ አልኩ። «ጥብስ ከግማሽ ኪሎ በታች አንሠራም» አለኝ። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለእኔ የሁለት ቀን ነው። ሩብ አድርግልኝ ብዬ ለመንኩ። ወጥ ቤቱን እንኳ ሳይጠይቅ ራሱን ነቀነቀ። ሽሮ አዘዝኩ።

ሽሮው መጣ። በሸክላዋ ይንተከተካል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳልውጥ አምስት ሰዎች እየተሳሳቁ ገቡ። ሌላው ጠረጴዛ ሁሉ ተይዟል። አስተናጋጁ መጥቶ ጎንበስ አለና «እህት፣ እነሱ ብዙ ናቸው፣ ትንሽ ፈቀቅ ብትዪልን» አለኝ። ፈቀቅ የምልበት ቦታ ባንኮኒው አጠገብ፣ የለስላሳ ሳጥን የተደረደረበት ጥግ ሆነ። እኔ እንጀራዬን፣ እሱ የምትፈላዋን ሸክላ በጨርቅ ይዞ ተሰደድን። ሰዎቹ ጨዋ ነበሩ፣ ይቅርታ ጠየቁኝ። አንዱማ «ነይ አብረሽን ብዪ» አለኝ። ቸርነቱን አልጠላሁትም። ግን እኔ የፈለግሁት ምሳ ነበር።

ማታ ማታ ሌላ ጣጣ አለ። ሴት ልጅ ብቻዋን እራት ስትበላ ወይ የተቀጠረች ናት ወይ የተከፋች። ሦስተኛ አማራጭ የለም። አንድ ምሽት ባረፍኩበት አካባቢ ፍርፍሬን እየበላሁ ቢራ መጣልኝ። «አላዘዝኩም» ስል «ከወዲያኛው ጠረጴዛ ነው» ተባልኩ። መለስኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት አንገቴን ደፍቼ ስልኬን እንዳነበብኩ አለቀ። ፍርፍሩም ቀዘቀዘ። ወንዶች ብቻቸውን ሲበሉ ይኼ ይኼ እንደማይደርስባቸው አውቃለሁ። ወንድሜን ጠይቄዋለሁ። እሱን የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ጓደኛ ያጣ ወይም ከሚስቱ የተጣላ መስሎ መታየቱን አይወደውም።

አሁን ወደ መንገዱ ልውሰዳችሁ። እንደ ደንቡ መገናኛ ታክሲ ሳልይዝ በፊት እርጥብ እበላለሁ። የምታዘጋጀዋ ሴት ባለ መስታወት ጋሪ አላት። ከጎን ምድጃ፣ ከምድጃው ላይ ጥቁር መጥበሻ። ዳቦውን በቢላዋ ሆዱን ትከፍተዋለች። ትኩሱን ድንች ከዘይቱ በወንፊት ታወጣና ሁለቴ ሦስቴ ታራግፈዋለች። ቀጥሎ ጠቅጠቅ ታደርገዋለች። ከላይ ዳጣ በማንኪያ ታፈስበታለች። እዚህ ላይ ብቻ ቀና ትላለች፤ «ይብዛ?» ትላለች። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትለው እንጃ። ስንት እንደሆንን ግን ጠይቃኝ አታውቅም። ሰው ይምጣ አይምጣ ግድ አይሰጣትም። በደብተር ወረቀት ጠቅልላ ትሰጠኛለች፣ ሁለት በርጩማ አላት፣ አንዱ ላይ እቀመጣለሁ።

በነገራችን ላይ የእናንተን ጋዜጣ አንድ ቀን ያነበብኩት በሳምቡሳ መጠቅለያነት ነው። ግማሹ ዜና በዘይት ጠፍቶ ነበር። ቀለሙ ከምግብ ጋር ጥሩ አይመስለኝም፤ ሻጮቹ ነጭ ወረቀት ቢጠቀሙ ደስ ይለኛል። ዘይቱንም ጥቁር እስኪሆን ደጋግመው ባያሞቁት። ይህን የምለው እነሱን ለማስነሣት አይደለም። የሚበላ ሰው ስለሆንኩ ነው።

እዚያ በርጩማ ላይ የማይቀር አንድ ነገር አለ። ከጎኔ የሚቀመጠው ሰው፣ ተማሪም ይሁን ረዳት፣ ዳቦውን ወደ አፉ ሳያደርስ «እንብላ» ይለኛል። እኔም ይዣለሁ፣ እሱም ያያል። ቢሆንም ይላል። «መልካም ምግብ» እለዋለሁ። ከዚያ እሱ ወደ ዳቦው፣ እኔ ወደ ዳቦዬ። ማንም ስለ ማንም አያዝንም። እኔ ለብቻ መብላትን የተማርኩት ከዚህ በርጩማ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የመንገድ ዳር ጀበና ቡናም እንደዚያው ነው። አንዲት ስኒ ይዞ ለብቻው የተቀመጠ ሰው ለማንም አያሳዝንም። ታዲያ ስኒው ሳህን ሲሆን ምን ይለወጣል?

ተረቱን ታመጡብኛላችሁ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።» እናቴም ያመጣችው ይኼንኑ ነው። እናቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ናት። አንድ ቀን በስልክ ምሳ በላሽ ወይ ስትለኝ «በላሁ፣ ምግብ ቤት ገብቼ» አልኳት። «ከማን ጋር?» አለች። «ብቻዬን።» «እኔን! ምነው ልጄ፣ ሰው አጣሽ?» አለችኝ። አንድ ነገር የደረሰብኝ ያህል ነው የደነገጠችው። ተረቱን የጨመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ግን ተረቱ ስለኔ አይመስለኝም። ተረቱ ጎረቤቱ እየራበው በሩን ዘግቶ ስለሚበላ ሰው ነው። ስለ ስስት ነው። እኔ በሩን አልዘጋሁም። እንዲያውም አላፊ አግዳሚው እያየኝ መታጠቢያ ጎን ነው የምበላው። ለእናቴ ይህን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች። «አባትሽም እኮ ገበያ ሲሄድ በሶውን ጨብጦ ብቻውን ነበር የሚበላው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስንቅ የሚባለው ምንድን ነው? በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። ሁሉም ለአንድ መንገደኛ፣ ለአንድ እጅ፣ እሳት በሌለበት እንዲበላ የተሠራ ነው። የገብስ አገር ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ደብረ ሲና አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት የሚሸጠው ቆሎ እኮ ያው ስንቅ ነው። መንገደኛው ለብቻው ይገዛል፤ ግን ከአፉ በፊት እጁን ወደ ጎረቤቱ ይዘረጋል።

የእህቴ ልጅ የኮሪያ ድራማ ስለምትከታተል «ሆንባፕ» የሚባል ቃል አስተማረችኝ። «ሆንጃ» ለብቻ ማለት ነው፣ «ባፕ» ሩዝ፣ ሲሰፋ ምግብ። ሁለቱን ቆርጠው አጣበቁና ለብቻ መብላት ስም ወጣለት። እኛ ጋ ስሙ ሆዳምነት ነው። ወይ ደግሞ ስስት።

ብቻን መብላት አንድ ያልተነገረለት ጥቅምም አለው። ሒሳብ ሲመጣ ጦርነት የለም። «በእናቴ እኔ ነኝ»፣ «ዛሬ አይሆንም»፣ የአስተናጋጁን ኪስ መሳሳብ፣ የለም። በቴሌብር ከፍዬ ውልቅ።

ጾም ቀን ላይ ደግሞ የምግብ ቤቶቹን ውለታ መካድ አልፈልግም። ረቡዕና ዓርብ እኔ ንግሥት ነኝ። በያይነት የሚባል ነገር አለ። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ በአንድ እንጀራ ላይ። ለአንድ ሰው ተብሎ የታሰበ ይመስላል። ማንም «ከግማሽ ኪሎ በታች ጎመን አንሠራም» አይልም። ጣጣው የሚመጣው በፍስክ ነው። ሥጋ በኪሎ ስለሚሸጥ ኪሎው ሰው ይፈልጋል። ሰው የሌለው ሽሮ ይበላል። ሽሮ እወዳለሁ። ግን በፍላጎት መብላትና በቅጣት መብላት ይለያያል።

ይህን ለአዲስ አበባ ብቻ ብዬ ብጽፍ ኖሮ ከደብረ ብርሃን ባልጻፍኩ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው የምትርቀው። እኔ ልጅ ሆኜ እዚህ እንግዳ ሲመጣ የሚገባበት አንድ ሁለት ምግብ ቤት ነበር። ሌላው ሰው ቤቱ ይበላል። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ዛሬ ጠባሴ አካባቢ ማታ ብትወጡ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ልጅ በየበሩ ነው። አንዱ ከጎጃም፣ አንዷ ከወሎ፣ አንዱ ከዚሁ ከመንዝ። ከፈረቃ ሲወጣ ቤት የሚጠብቀው የለም። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ምን ያህል ኪሳራ እንደሆነ ሴተላጤና ወንደላጤ ያውቀዋል። ሽንኩርቱ ያው፣ ከሰሉ ያው፣ ወጡ ግን ሦስት ቀን ይሰነብታል። ብርዱ ደግሞ አለ። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጦ ማታ ደረቅ ዳቦ መግመጥ ይከብዳል። ትኩስ ነገር ነው የሚያምረው። ስለዚህ ልጆቹ መንገድ ዳር ከምትሸጠው ሴት ዘንድ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ይበላሉ፤ እንፋሎቱ ፊታቸውን እየሞቀው፣ ቆመው። ምግብ ቤቱ ከኋላቸው በርቶ፣ አራት አራት ወንበር የተደረደረባቸው ጠረጴዛዎች ባዶ ናቸው።

የምግብ ቤት ባለቤቶች ምክንያት አላቸው። አንዱን ጠይቄው ነግሮኛል። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሰው አራት ወንበር ከያዘበት ይከስራል። ለሩብ ኪሎም ለግማሽም እሳቱ አንድ ነው። እውነት ነው። ግን ሒሳብ ሥራዬ ስለሆነ እስቲ ልመልስለት። ጠረጴዛውን ለምን አራት ወንበር ብቻ አደረግኸው? ግድግዳው ጥግ ላይ አንድ ረዘም ያለ ጣውላ ግጠምና ስድስት በርጩማ ደርድርበት። የእኔ ዓይነቱ ደንበኛ ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ ይሄዳል። አምስቱ ሰዎች የከፈሉት ይበልጣል፣ አልክድም። ግን እነሱ የመጡት ደመወዝ ስለወጣ ነው። የኪራይ ቤት ልጅ በየቀኑ ይርበዋል። የሩቡን ዋጋ ከግማሹ ግማሽ ትንሽ ከፍ አድርገውና ስለ እሳቱ ተካስ። እኔ እከፍላለሁ።

ለከተማ አስተዳደሮችም አንድ ቃል። አዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ከ2016 ወዲህ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ አምሯል። እኔ ሻንጣ እየጎተትኩ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ምርቃቴ ይድረሳችሁ። ግን ከማውቃቸው ሴቶች ሁለቱን ከነበሩበት አላገኘኋቸውም። አንዷ ዘወር ብላ ከጀርባ ሕንፃ ሥር ምድጃዋን ተክላ አግኝቻታለሁ። ሌላዋን አላገኘሁም። በዚያ በሰፋው መንገድ ላይ ለአንድ ጋሪና ለሁለት በርጩማ የሚሆን ቦታ ቢሰመር፣ ውኃ የምታገኝበት ቧንቧና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አጠገቧ ቢደረግ፣ መንገዱ አይጠብም። እኛ ጋም መንገድ ሲሠራ ከጅምሩ ቢታሰብበት ይሻላል። ሠርቶ ማስነሣት አስቀያሚ ነው።

አስተናጋጆችን አልወቅስም። እነሱ የታዘዙትን ነው የሚሉት። ብቻ «ሰው ይመጣል?» ከማለት «የት መቀመጥ ትፈልጊያለሽ?» ቢሉኝ።

አንድ ቤት ግን አለ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን። ባለቤቷ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ወጡን ራሷ ትሠራለች። መጀመሪያ ቀን ስገባ እየፈራሁ «ሩብ ይሠራል?» አልኳት። «ለምን አይሠራም፣ የሚበላው ሰው አይደል» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ጥብሱ በትንሽ ሸክላ፣ ከሥሩ ፍም ተደርጎበት መጣ። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሰው ሲያልፍ እያየሁ በላሁ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሜ ሄድኩ። በሩ ላይ ስታየኝ ከኋላዬ ማን እንዳለ አላየችም።

«ዛሬስ ቃሪያው ይብዛበት?» አለችኝ።

አክባሪያችሁ
የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከደብረ ብርሃን