«አደፍርስ»ን ከመንገድ ሳንመለስ ለመጨረስ

ውድ አባላት፣

የዳኛቸው ወርቁን ልቦለድ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ሁላችንም እናደንቃለን፤ ብዙዎቻችሁ ግን ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ማለፍ እንዳቃታችሁ ነግራችሁናል። መጽሐፉ በእርግጥ ከባድ ነው። የሚሄደው ከድርጊት ይልቅ በክርክር ነው፤ ሰዎቹም የሸዋን ገጠር አነጋገር እንደወረደ ይናገራሉ። እንደ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ በአንድ ቀን 60 ገጽ ልግፋ ያለ ሰው የሚሰለቸው ለዚህ ነው።

በአንድ መቀመጫ ከ10 እስከ 15 ገጽ ይበቃል። ንግግሮቹን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ዓይን ያደናገረው ዓረፍተ ነገር ለጆሮ ይፈታል። የገጸ ባሕርያቱን ስምና ዝምድና በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ገጹ መሃል አስቀምጡት።

ባላወቃችሁት ቃል ሁሉ አትቁሙ፤ ደጋግሞ የመጣውን ብቻ ከደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ፈልጉ። የፊደል ተራው «አበገደ» ስለሆነ በተለመደው «ሀለሐመ» የሄደ አያገኝም። ግሡንም በሥሩ ያዙት፦ «አደፍርስ»ን ከ«አ» ሳይሆን ከ«ደ»፣ «ደፈረሰ» ላይ። የረጋውን በጥብጥ ማለት ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ወጣቱ አደፍርስም በየክርክሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ስም ማውጣት ትልቅ ጥበብ ነው!

ለሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያዎቹን 60 ገጾች ብቻ አንብባችሁ ኑ።