ማይልና ነዳጅ አብረው አይቀነሱም

ለአዘጋጁ፣

«ዓመቱ ሳያልቅ ታክስዎን ያቅዱ» ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያላየ የለም፤ ከዲሲ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ በየስልኩ ሲዞር ሰንብቷል። ከላይ የለጠፋችሁት ፎቶ የታክሲ ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን ለቢሮ ሠራተኛ የተጻፈ ነው፤ ስለ 401ኬ የጡረታ ቁጠባ፣ ስለ ደብሊው-ቱ የደሞዝ ወረቀት፣ አሠሪ ስለሚጨምረው መዋጮ ያወራል። ታክሲው ለማሳመሪያ ገብቷል ማለት ነው። ሾፌሩ የተነሳው መጨረሻው አካባቢ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፦ የኡበር፣ የሊፍትና የታክሲ ሾፌሮች በነዱት ማይል ላይ የነዳጅ ደረሰኛቸውን ጨምረው ታክስ ከሚከፈልበት ገቢያቸው ይቀንሱ ትላለች።

በዚህ ከተማ ስንቱ አበሻ በመሪ ላይ እንደሚያድር እናንተም ታውቃላችሁ፤ ማስታወቂያ ስትሸጡም የምትቆጥሩት እኛን ጨምራችሁ ነው። ከአንድ ሙሉ ገጽ የደረሰችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ እሷም ስህተት። ባትጽፏት ይሻል ነበር፤ ዝም የተባለ ሰው ቢያንስ ይጠይቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይአርኤስ፣ የፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ፣ ለ2025 ያወጣው የማይል ተመን 70 ሳንቲም ነው። በዚህ 70 ሳንቲም ውስጥ ነዳጁ አለ፣ ዘይቱ አለ፣ ጥገናው፣ ጎማው፣ ኢንሹራንሱ፣ የሰሌዳ ክፍያው አለ፣ የመኪናው እርጅና (በአገልግሎት የሚቀንሰው ዋጋ) አለ። እንዲያውም ከ70ው 33 ሳንቲሙ የእርጅናው ድርሻ ነው። ማይሉን የቀነሰ ሰው ነዳጁን ቀንሶታል። ደረሰኙን ከላይ ሲደርብበት አንዱን ወጪ ሁለቴ ጠየቀ ማለት ነው። ያለው ምርጫ ወይ የማይል ተመኑ፣ ወይ ትክክለኛው ወጪ (በደረሰኝ የሚደመረው) ነው፤ ለአንድ መኪና፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ከማይሉ ጋር አብሮ የሚቀነስ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ፣ እናንተ ግን አልነካችሁትም። ለሥራ የተከፈለ የፓርኪንግና የቶል ክፍያ ለብቻው ይቀነሳል። የመኪናው ብድር ወለድ፣ መኪናው ለሥራ በዋለበት መጠን፣ በግል ለሚሠራ ሰው ይቀነሳል። ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች በየዓመቱ የሚያንገበግበን የመኪና ታክስም እንደዚሁ የሥራው ድርሻ ይቀነሳል፤ ይህን ስንቱ ሾፌር ሳያውቀው ያልፋል! ከስልክ ሒሳቡ ለሥራ የዋለው ድርሻ፣ ዳሽካሙ፣ አፑ የሚወስደው ኮሚሽን ሁሉ ይቀነሳሉ። የዲሲ የፍጥነት ካሜራ ቅጣት ግን አይቀነስም። ቅጣት ቅጣት ነው፤ ሰው ይዛችሁ ስትሄዱ ቢመጣም።

በቁጥር እንየው። አንድ ሾፌር በዓመት 45,000 ማይል ለሥራ ነዳ እንበል፤ 31,500 ዶላር ተቀናሽ አለው። መኪናው በጋሎን 45 ማይል የሚሄድ ሃይብሪድ ከሆነ 1,000 ጋሎን ይበላል፤ ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ20 ብናስበው 3,200 ዶላር ነው። እናንተ ጨምሩበት ያላችሁት ይህን 3,200 ነው። ከሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ (በግል የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው) ላይ የሚያስቀረው 452 ዶላር ገደማ ነው፤ የገቢ ታክስ ያለበትም ትንሽ ይጨምርለታል። ለዚህች ብሎ ፋይሉን ለጥያቄ ያጋልጣል። ሲያዝ ያጎደለውን ይከፍላል፣ በላዩ ወለድ አለ፣ በቸልተኝነት ነው ከተባለም የጎደለው ታክስ 20 በመቶ ቅጣት ይደረብበታል። ጋዜጣው ነው የመከረኝ ቢል ማን ይሰማዋል?

ዋናው አደጋ ግን ነዳጁ አይደለም። ኦዲተሩ አንዴ ፋይሉን ከከፈተ ቀጥሎ የሚጠይቀው የማይል መዝገቡን ነው። ስኬጁል ሲ (በግል የሚሠራ ሰው ገቢና ወጪውን የሚሞላበት ቅጽ) ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ክፍል አራት፣ መኪናው ሥራ የጀመረበት ቀን ይጠየቃል፤ ለሥራ፣ ከቤት ወደ ሥራ ለመመላለስና ለሌላ የተነዳው ማይል ለየብቻ ይጠየቃል። ከታች ማስረጃ አለህ ወይ ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ ማስረጃው በጽሑፍ ነው ወይ ይላል። ብዙ ሰው ታክስ ሠሪው አጠገብ ተቀምጦ ሁለቱንም «አዎ» ያስብላል። የተፈረመው በሕግ በሚያስጠይቅ ቃል ነው። መዝገብ ከሌለ ለመኪና ወጪ ግምት አይሠራም፤ 31,500ው በሙሉ ሊሰረዝ ይችላል። ያኔ በሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ብቻ የሚመጣው ጭማሪ ወደ 4,450 ዶላር ነው። 452 ዶላር ፍለጋ የወጣ ሰው የሚገጥመው ይህ ነው።

ስለዚህ «ዓመቱ ሳያልቅ» ለሚለው ርዕሳችሁ ተገቢው ምክር ይህ ነበር፦ ዲሴምበር 31 ማታ መኪናውን ስታቆሙ ኦዶሜትሩን (የማይል ቆጣሪውን) ፎቶ አንሱ። ነፃ ነው፣ ደቂቃም አይፈጅም፣ ቀኑም ከፎቶው ጋር ይቀመጣል። አፑ በጃንዋሪ የሚልከው የዓመት ማጠቃለያ ይረዳል እንጂ ብቻውን አይበቃም። ሁለት አፕ ባንድ ጊዜ ከፍቶ የሚጠብቅ ሾፌር ያው አንድ ማይል በሁለቱም ላይ ይቆጠርለታል። ሁለቱን ማጠቃለያ ደምሮ የሞላ ሰው መኪናው በዓመት ከሄደው በላይ ማይል ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህን ለማየት ኦዲተሩ ከአንድ የጋራዥ ወረቀት በላይ አያስፈልገውም።

ዓመቱን ሙሉ ያልመዘገበስ? ዛሬም አልረፈደም፣ ግን ሥራ አለው። የየቀኑን የጉዞ ታሪክ ከአፑ አውርዱ፣ ስልኩ የመዘገበው የካርታ ታሪክ ካለ አስቀምጡ፣ የዘይት ቅያሪ ደረሰኞችን ሰብስቡ። ደረሰኙ የሚፈለገው ለዋጋው አይደለም፤ ያ በ70 ሳንቲሙ ውስጥ ገብቷል። ጋራዡ ወረቀቱ ላይ ቀንና ኦዶሜትር ስለሚጽፍ ነው የሚፈለገው። ሪፖርተራችሁ ደረሰኝ ሰብስቡ ሲል እጁ ነገሩ አጠገብ ደርሶ ነበር፤ የሳተው ለምን እንደሚሰበሰብ ነው።

የትኛው መንገድ ይሻላል ለሚለውም ዝም ብላችኋል። ብዙ ለሚነዳ፣ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ላለው ሰው ማይሉ አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል። ውድ መኪና ይዞ ጥቂት ማይል ለሚነዳ ትክክለኛው ወጪ ሊሻል ይችላል። ግን የራስ መኪና ከሆነ፣ ማይሉን ለመጠቀም ለሥራ ባዋላችሁበት የመጀመሪያ ዓመት እሱን መምረጥ አለባችሁ፤ በኋላ ወደ ትክክለኛ ወጪ መዞር ይቻላል። በሊዝ የተያዘ መኪና ላይ ማይል የጀመረ ደግሞ ሊዙ እስኪያልቅ ከማይሉ አይወጣም። ቆየት ያሉ የታክሲ ሰዎች «ለእኛ ማይል አይፈቀድም» ሲሉ ትሰማላችሁ፤ እነሱም ከመሬት ተነስተው አይደለም፣ ተመኑ ለኪራይ ለሚሠሩ መኪኖች የተፈቀደው ከ2011 ጀምሮ ነው።

መኪናው ሲሸጥ ደግሞ ያ 33 ሳንቲም ተመልሶ ይመጣል። በ45,000 ማይል 14,850 ዶላር ከመኪናው ዋጋ ላይ ተነስቷል ማለት ነው፤ የተሸጠበት ከቀረው ዋጋ ከበለጠ ልዩነቱ ገቢ ነው።

ወደ ሳጥኗ ልምጣ፤ ቲፕ ከታክስ ነፃ ሆነ የምትለዋን ማለቴ ነው። የተሰጠው እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ተቀናሽ ነው፣ ከ2025 እስከ 2028። የሚቀንሰው የገቢ ታክስን ብቻ ነው። የ15.3 በመቶው ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ቲፑም ላይ እንዳለ ይቀጥላል፤ ካሽ የተሰጠውም መመዝገብ አለበት። ተቀናሹ ከሥራው የተጣራ ትርፍ አይበልጥም፤ ባለትዳር ከሆነም አብሮ ፋይል ማድረግ ግድ ነው። አሁን ያን ሾፌራችንን እንመልሰው። አፖቹ ከተሳፋሪ የሰበሰቡት 78,000 ዶላር ነው፤ ባንክ የገባለት ግን ኮሚሽንና ክፍያ 21,000 ተቆርጦ 57,000 ነው። 1099-ኬ ላይ፣ አፑ ለሾፌሩም ለአይአርኤስም በሚልከው የገቢ ወረቀት፣ የሚያየው 78,000ውን ነው፤ ስንቱ እዚህ ጋ ይደነግጣል! ጥቅሉን አስገብቶ ኮሚሽኑን በወጪ መቀነስ ነው እንጂ የባንኩን ቁጥር ብቻ መጻፍ የአይአርኤስን ደብዳቤ ይጠራል። ከ57,000ው ላይ 31,500 የማይል፣ 1,500 የቶልና የስልክ ሲነሳ የተጣራው 24,000 ነው። ሚስቱ ገቢ ከሌላት የ2025 የባልና ሚስት መደበኛ ተቀናሽ 31,500 ስለሆነ የገቢ ታክሱ ቀድሞውኑ ዜሮ ነው። የልጅ ክሬዲትን ወደ ጎን ብንተው፣ የሚከፍለው 3,391 ዶላር ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ነው። ቲፑ ነፃ ሆነ ብላችሁ ያበሠራችሁት ለዚህ ሰው አንድ ሳንቲም አያስቀርለትም።

«ዲሴምበር 31 ሳያልፍ ትልቅ መኪና ገዝተው ሙሉ ዋጋውን ይቀንሱ» ላላችሁት ደግሞ፣ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ነው። ውል መፈረም አይበቃም፤ መኪናው እስከ ዲሴምበር 31 ሥራ ላይ መዋል አለበት። ሙሉ እርጅናውን ባንዴ የወሰደ ሰው በዚያ መኪና ላይ የማይል ተመኑ ለዘለቄታው ይዘጋበታል። ትርፉ ዜሮ ሲሆን የሶሻል ሴኩሪቲ ክሬዲቱም ይቀራል፤ በ2025 አንዱ ክሬዲት 1,810 ዶላር የተጣራ ገቢ ይፈልጋል፣ በዓመት አራቱን ለመሙላት 7,240። ለጡረታ 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ዕድሜው ገፍቶ ለመጣ ሾፌር አንድ ዓመት ቀላል ነገር አይደለም። ቤት ለመግዛት የሚያስብም ካለ ባንኩ የሚያየው የሁለት ዓመት ስኬጁል ሲ ነው።

ለቢሮ ሠራተኛው 401ኬውን እስከ ዲሴምበር 31 ያስገባ ማለታችሁ ልክ ነው። ለእኛ ግን ሴፕ አይአርኤ (በግል ለሚሠራ ሰው የሆነ የጡረታ ቁጠባ) የታክስ ማስገቢያው ቀን እስኪደርስ፣ ኤክስቴንሽን (የጊዜ ማራዘሚያ) ካለም እስከዚያ ድረስ ክፍት ነው። የ24,000ው ሾፌር ወደ 4,460 ዶላር ማስገባት ይችላል። ዲሴምበር ላይ የሚያጣድፈው የለም።

የሚያጣድፈው ሌላ ነው። በየሩብ ዓመቱ መክፈል የነበረበትን ያልከፈለ ሾፌር፣ እሱ ወይም ሚስቱ ደብሊው-ቱ ሥራ ካላቸው፣ ደብሊው-ፎር (ከደሞዝ ስንት ታክስ እንዲቆረጥ ለአሠሪ የሚሰጠው ቅጽ) ላይ መስመር 4 ሲ ገብተው ከቀሩት የዲሴምበር ደሞዞች ተጨማሪ እንዲቆረጥ ማዘዝ ይችላሉ። ከደሞዝ የተቆረጠ ታክስ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተከፈለ ስለሚቆጠር፣ የኤፕሪሉንና የጁኑን ጉድለት ሳይቀር ይሸፍናል። ደሞዝ የሌለው የመጨረሻውን ክፍያ እስከ ጃንዋሪ 15፣ 2026 ይክፈል። የ2025 ታክስ 90 በመቶ ወይም የ2024 ታክስ 100 በመቶ በየሩብ ዓመቱ በወቅቱ ከተሞላ ቅጣት የለም፤ የ2024 ገቢ ከ150,000 ዶላር በላይ ከነበረ 110 በመቶ ነው። ዳይሬክት ፔይ (የአይአርኤስ የኦንላይን መክፈያ) ላይ ሲከፍል 1040-ኢኤስ (የሩብ ዓመት ክፍያው) ብሎ ዓመቱን 2025 ይምረጥ፤ ጃንዋሪ ስለሆነ 2026ን የነካ ሰው ገንዘቡ ለሚቀጥለው ዓመት ይያዝበታል፣ ለማስመለስም ስልክ ላይ ሰዓታት ነው። የስቴት ታክሱም፣ ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ፣ ለብቻው ይከፈላል። አፑ ላይ የቀረውን ገንዘብ ወደ ጃንዋሪ ማሸጋገር ግን ምንም አያደርግም፤ በፈለገ ሰዓት ሊያወጣው የሚችል ገንዘብ የ2025 ገቢ ነው።

እርማቱን ጽሑፉ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን፣ ከዲሴምበር 31 በፊት አውጡልን። ከዚያ በኋላ የሚወጣ እርማት ለኦዶሜትሩ ፎቶም ለዲሴምበሩ ደሞዝም አይደርስም። የታክሲውን ፎቶ ከፈለጋችሁ እዚያው ይቆይ።

አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ