የመስክ መኪና የሰርቪስ ጊዜ ይከበርለት

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

በአፋር ክልል ለዓመታት ላንድክሩዘር ያሽከረከርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ የመስክ መኪኖች የሰርቪስ ጊዜ እንደ ዋዛ መታለፉ እጅግ ያሳስበኛል። የሞተር ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር ከተቀየረ ሰርቪሱ እንዳለቀ ይቆጠራል፤ ሆኖም አምራቾቹ ራሳቸው በመመሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ፣ በአቧራና በጭቃ መንገድ ለሚሠራ መኪና የጥገናው ጊዜ ማጠር እንዳለበት ያሳስባሉ። ከሎጊያ ተነስቶ በጠጠር መንገድ አንድ ቀን የዋለ መኪና የአየር ፊልትሮው ወጥቶ መታ መታ ሲደረግ፣ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ አቧራ ይራገፍበታል። ይህ አቧራ ሾልኮ ከገባ ሲሊንደሩንና የፒስተን ቀለበቶቹን ይፍቃል።

ከሁሉ የሚረሳው ግን የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የጥርስ ቤት፣ ማለትም ዲፈረንሻሉ ነው። በረጅም ጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ወንዝ ሲገባ፣ በውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ስለሚኮማተር በመተንፈሻው ወይም ዘይት እንዳያፈስ በሚያግደው ባረጀ ጎሚኒ በኩል ውሃ ይስባል። ባለፈው ክረምት እኔ የያዝኩት መኪና ወንዝ ካቋረጠ በኋላ ዘይቱ እንዲታይ ብጠይቅም፣ «ኪሎ ሜትሩ ገና ነው» ተባልኩ። ከሁለት ወር በኋላ ቡሎኑ ሲፈታ የወጣው ዘይት ወተት የገባበት ቡና ይመስል ነበር፤ ኩሽኔታዎቹም ተበልተው አገኘናቸው። በዚያ መኪና ወላዶች ወደ ጤና ጣቢያ ይጓጓዙበት ነበርና፣ ነገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የሥምሪት ኃላፊዎች ኪሎ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን መኪናው የዋለበትን መንገድ ጭምር በሰርቪስ ደብተሩ ላይ እንዲያስመዘግቡ፣ ወንዝ የተሻገረ መኪናም በማግስቱ የዲፈረንሻልና የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይቱ እንዲታይ፣ የኃይል ማስተላለፊያ ዘንጉ መገጣጠሚያ የሆነው ክሮቼራውም ግራሶ እንዲጠጣ እንዲያዙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የመስክ ሾፌር