ያ አምፕ የተቃጠለው ባንተ አይደለም

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትል አውቃለሁ። ስደበኝ፣ ይገባኛል። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ጾም ገብቶ ሠርግ ስለሌለ የኬብል ሳጥኑን ገልብጬ ሳጸዳ ያ ቀይ ናስትሮ የጠቀለልክበት ኬብልህ ወጣ። አንዱ ጃክ ጠቁሯል፣ ጫፉም ትንሽ ቀልጧል። ይዤው ቁጭ አልኩ። የዚያ የጥር ሠርግ ማታ፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ድምፁ ቀጥ ብሎ አምፑ (የድምፅ ማጉያው) መሽተት ሲጀምር፣ በሰው ሁሉ ፊት "ምን ነካክተህ ነው?" ብዬ የጮህኩብህ ትዝ አለኝ። አንተ እኮ ያደረግከው በሰው እግር ተጎትቶ ከሞንታርቦው (ከትልቁ ስፒከር) በግማሽ የወጣውን ጃክ መልሰህ መሰካት ብቻ ነበር።

ስንት አምፕ ከፍቼ ካየሁ በኋላ ነው የገባኝ። ጃክ ለጊታር ነው የሚሆነው። ሲገባና ሲወጣ የሶኬቱ ብረት የጃኩን ጫፍና አንገት አንድ ላይ ይነካል፤ አምፑ እየሠራ ከሆነ ሾርት ነው። ጥሩ አምፕ ራሱን ይከላከላል፣ የኛን አሮጌ ግን ታውቀዋለህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ርካሽ ነው ብዬ ጃክ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ሐዋሳ ላይ የራስህን ሳውንድ ልትጀምር ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። በናትህ በጃክ ፈንታ ስፒኮን ግዛ፣ ለስፒከር ተብሎ የተሠራው መሰኪያ ነው። ሊክተንስታይን ያለው ኒውትሪክ የሚባል ኩባንያ ነው ያመጣው፣ ኮፒው ግን ብዙ ስለሆነ ስትገዛ ሰክተህ ነቅለህ ሞክረው። ወደ ቀኝ ስታዞረው ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፣ ከዚያ ሰው ቢረግጠውም አይወጣም። ብረቶቹ ውስጥ ስለተደበቁ እጅህ አያገኛቸውም፤ ይሄ ቀላል እንዳይመስልህ፣ 1000 ዋት በ8 ኦም ስፒከር ላይ ወደ 89 ቮልት ነው። ባለ አራት ብረቱን ውሰድ። ለተራ ሥራ 1+ እና 1- የተባሉት ሁለቱ ይበቁሃል፣ ባሱንና ትዊተሩን በተለያየ አምፕ ስትነዳ ሌሎቹ ሁለቱ ይመጣሉ። ብሪጅ ላይ (የአምፑን ሁለት ቻናል አንድ አድርገህ ስትነዳ) ብዙ አምፖች 1+ እና 2+ን ነው የሚጠቀሙት፣ ቢሆንም ከጀርባው የተጻፈውን ሳታይ አትሰር። ስታኞ ማቅለጫ ካውያ አያስፈልግህም፣ ሽቦውን ልጠህ በካቻቢቴ ማጥበቅ ነው። ደግሞ ጫፉን ስታኞ አትቀባው፣ ቆይቶ ብሎኑ ይላላል።

ባናና የሚባለው ቀጭን መሰኪያ ለቤት ጥሩ ነው። ግን ሁለቱ የተጣመሩት ግድግዳ ላይ ያለው 220 ቮልት ሶኬት ውስጥ ልክክ ብለው ይገባሉ፤ አውሮፓ ውስጥ የአምፑን የባናና ቀዳዳ በፕላስቲክ ደፍነው የሚሸጡት ለዚህ ነው። ልጆችህን አስብ። የማይክ መሰኪያንማ ለስፒከር ፈጽሞ አትጠቀም፣ አንድ ቀን በጨለማ አንዱ ሚክሰሩ ላይ ይሰካዋል።

ሽቦው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። 20 ሜትር ላይ የሽቦው ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚያግደው) ደርሶ መልስ 0.28 ኦም አካባቢ ነው፣ ቀጭኑ ባለ 0.75 ግን ወደ 0.9 ይደርሳል። 4 ኦም ስፒከር ላይ ከአምፑ ጉልበት ቀላል የማይባለው ሽቦ ሲያሞቅ ያልቃል።

ያንተ ኬብል ባለ 2.5 ነው፣ ስለዚህ አልጣልኩትም። ጃኮቹን ቆርጬ ስፒኮን አሰርኩለት። ናስትሮውን አልነካሁትም። በአውቶቡስ ልላክልህ ወይስ ራሴ ይዤው ልምጣ?