አባዬ ስለ ጌሙ ነገር

አባዬ እንደምን ሰነበትክ፣ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ልጅቷንም ጉንፋኑ ለቋታል። ይሄን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለት ሦስቴ ሞክሬ ነበር፣ ግን አንተ ስልክ ላይ «እሺ እሺ፣ በል ቸር ሰንብት» ብለህ ነው ምትዘጋው፣ ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርህን አድርገህ ቀስ ብለህ አንብበው።

ለፋሲካ እኛ ጋ ቱሉ ዲምቱ መጥተህ ያደርክ ጊዜ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ ሳሎን ውስጥ ጆይስቲክ ይዤ የኳስ ጌም ስጫወት አገኘኸኝ። ቆም ብለህ አየኸኝና «አንተ ልጅ፣ አሁንም ከዚህ ነገር አልወጣህም?» አልከኝ፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር ተመልሰህ ተኛህ። ጠዋት ደሞ ሚስቴን «ሱስ ሆኖበታል እንዴ?» ብለህ ጠይቀሃታል፣ ነግራኛለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር አባዬ፣ ዝም ማለትህ ነው የከበደኝ።

አሁን 34 ዓመቴ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጥቼ ታክሲ ሰልፍ እቆማለሁ፣ ሜክሲኮ ደርሼ ቀኑን ሙሉ የሰው ሂሳብ ሳስታርቅ እውላለሁ፣ ቤት ስገባ ማታ ሁለት ሰዓት አልፏል፣ ልጅቷን አቅፌ፣ እራት በልተን፣ እነሱ ሲተኙ አንድ ሰዓት ትቀረኛለች። ጌሙ በቃ ያቺ ሰዓት ናት። መብራት ከጠፋ እሷም የለችም። እዛች ሰዓት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር የዋለው ቁጥር ሁሉ ይወጣልኛል፣ ኳሷን ማን እንደያዛት ብቻ ነው ማስበው፣ ከዛ እንቅልፍ ሲመጣ ደህና እንቅልፍ ነው።

«ሱስ» ያልከውን ግን ዝም ብዬ አላለፍኩትም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 የጌም ሱስን ከህመሞች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፣ ስለዚህ ጭንቀትህ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። እነሱ እንደሚሉት ሰውየው መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከስራውም ከቤተሰቡም ሲያስቀድመው፣ እየጎዳው እያየ እንኳን ሲቀጥል፣ ይሄ ደሞ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወር ሲዘልቅ ነው ህመም ሚባለው። አንብቤው ራሴን ጠየቅኩ። ዛሬ እንደዛ አይደለሁም፣ ሚስቴንም ጠይቃት። ግን አንድ ጊዜ ጠርዙ ላይ ደርሼ ነበር፣ ይሄን አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት እያለሁ ኤፍ ያመጣሁበት ኮርስ ትዝ ይልሃል፣ «መምህሩ አስቸጋሪ ነው» ያልኩህ? ውሸቴን ነበር። የፈተናው ዋዜማ ዶርም ውስጥ በላፕቶፕ ስንጫወት ነው ያነጋነው፣ እሱም የመጀመሪያ ሌሊታችን አልነበረም። አንተ ከደሞዝህ ቀንሰህ እየላክልኝ እኔ እንደዛ አደረግኩ። ይቅር በለኝ አባዬ፣ ይሄን ያህል ዓመት ሳልነግርህ መቆየቴንም ይቅር በለኝ።

አሁን ደሞ ወደ ወንጂ ልመልስህ። አራተኛ ክፍል ጥሩ ውጤት አምጥቼ ከናዝሬት ገበያ የገዛህልኝን ያቺን ግራጫ ብሪክ ጌም አትረሳትም መቼም፣ በእጅ ተይዛ ከላይ የሚወርዱ ቅርጾች ምንደረድርባትን፣ ሁለት ድንጋይ ምትበላዋን። ለኔ ነበር የተገዛችው። ፋብሪካ የሌሊት ተራ ገብተህ ጠዋት ስትመለስ ልብስህ የሞላሰስ ሽታ እየሸተተ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ትልና «አንዴ ብቻ ላያት» ትላለህ፣ እማዬ ነፍሷን ይማርና «ኧረ ሰውዬ ቡናው ቀዘቀዘ» እያለች ትጣራለች፣ አንተ መልስ የለህም። ያችን ቀጥ ያለችውን ረጅሟን ቅርጽ «አገዳው» ነበር ምትላት። እኔ ያገኘሁትን ቶሎ ቶሎ ስደረድር አንተ በቀኝ በኩል አንድ መስመር ባዶ ትተህ ሌላውን ጥቅጥቅ አድርገህ ትሞላና አገዳው እስኪመጣ ትጠብቃለህ። ከላይ ሊደፈን ሁለት ሦስት ረድፍ ሲቀረው ልቤ ሊወጣ ይደርሳል፣ አንተ ፊትህ ላይ ምንም የለም፣ ከዛ አገዳው ይመጣል፣ ቁልቁል ትሰደዋለህ፣ አራቱ ረድፍ ባንዴ ጥፍት። የዛን ጊዜ ነበር ምትስቀው። አንተ ስትስቅ ብዙ አላይህም ነበር አባዬ፣ ከስራ ደክሞህ ነበር ምትገባው፣ ያንን ሳቅ ያየሁት እዛ ጌም ላይና ክበቡ በር ላይ በቆርኪ ዳማ ስትጫወት ነው። ያኔ የአሁኑን የኔን እድሜ አልፈህ ነበር።

ያ ጌም ቴትሪስ ነው ስሙ። በፈረንጆቹ 1984 ሞስኮ ውስጥ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው የሰራው። ቅርጾቹ ሰባት ናቸው፣ ሁሉም አራት አራት ካሬ። በ2023 መጨረሻ ላይ አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ የድሮውን የኒንቴንዶ ቴትሪስ 40 ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ሲጫወት ቆይቶ ደረጃ 157 ላይ ጌሙ ራሱ ደርቆ ቀረ፣ ፕሮግራሙ ከዛ በላይ መሄድ አቃተው። ከሱ በፊት እዛ ድረስ የገፋው ሰው አልነበረም። አንዲት የእንግሊዝ ቲቪ ጋዜጠኛ ዜናውን ስታቀርብ፣ እንደ እናት ልምከርህና ከስክሪን ራቅ ብለህ ንጹህ አየር ውሰድ፣ ይሄ የህይወት ግብ አይደለም አለች። ስሰማት አንተ ነህ የመጣህብኝ። አልተቀየምኳትም፣ ለልጅ አስባ ነው። ግን ልጁ ያንን ውጤት መታሰቢያ ያደረገው በዛው ወር ለሞተበት አባቱ ነበር። እዛ ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ባልኮኒ ወጣሁ፣ ወዳንተ በሚወስደው በፈጣን መንገዱ የሚያልፉትን መኪኖች እያየሁ ብዙ ቆየሁ።

አባዬ፣ አልተወውም። ይሄን በግልጽ ልንገርህ ብዬ ነው፣ ሌላ ጊዜ ስትመጣ ቲቪውን አጥፍቼ የተኛሁ መምሰል አልፈልግም። ብትፈልግ ቁጭ በልና አብረኸኝ እይ፣ አርሰናልን አስይዝሃለሁ። ልጅቷም ስታድግ ትጫወታለች፣ ሰዓቱን ግን እኔ እቆጥርላታለሁ፣ ከየት እንደሚበላሽ ስለማውቀው።

ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ ወርጄ ነበር። ብዙ ሱቅ ዞሬ አንድ ብሪክ ጌም አገኘሁ፣ ግራጫ የለም፣ ሰማያዊ ናት። የአክስቴ ልጅ እሁድ ናዝሬት ስለሚመጣ ከጉልበትህ ቅባት ጋር እልክልሃለሁ። አራት ድንጋይ አብሬ ጠቅልያለሁ፣ ሁለቱ ትርፍ ናቸው። ቁልቁል ሚያወርደው ቁልፍ ትንሽ ይጠነክራል፣ ጫን አድርገው። ድምጿን ማጥፊያው በግራ በኩል ነው። እኔ ሞክሬያት ነበር፣ አገዳውን ጠብቄ ጠብቄ ሳይመጣ ተደፈነብኝ። ስንት ነጥብ እንዳመጣህ ደውለህ ንገረኝ፣ ቶሎ እንዳትዘጋው ብቻ።

ልጅህ