«ቲንኤጀር» ሁሉ «ወጣት» አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ከውጭ ቋንቋ ተተርጉመው በሚወጡ ዜናዎቻችሁ «ቲንኤጀር» የሚለው ቃል አንዴ «ወጣት»፣ አንዴ «ጎረምሳ»፣ አልፎ አልፎም «ሕፃን» ይሆናል። ይህ ቢታረም መልካም ነው።

ቃሉ የወጣው ከቁጥር ነው። በእንግሊዝኛ መጨረሻቸው «ቲን» የሆኑት ከ13 እስከ 19 ያሉት ብቻ ናቸው። የ11 እና የ12 መጠሪያ ከአሥር በላይ «አንድ ቀሪ»፣ «ሁለት ቀሪ» ከሚል ጥንታዊ አነጋገር ስለመጣ አይገቡበትም። የእኛ «በአሥራዎቹ ዕድሜ» ግን ሁለቱንም ይጨምራል። «ቲንኤጀር» በአሜሪካ የሰው ሁሉ አፍ የለመደው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው፤ አብዛኛው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዋል ሲጀምርና ነጋዴውም እንደ አዲስ ገበያ ሲያየው። ቃሉ ጾታ አይለይም። «ጎረምሳ» ግን የወንድ ነው፣ ተግሣጽም አያጣውም።

ጉዳቱ የሚብሰው አኃዝ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 13 በመቶው ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል ይላል። ርዕሱ «የቲንኤጅ» እርግዝና ቢሆንም፣ መጠይቁ የቀረበው ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ስለነበር የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች በስሌቱ የሉም። «ከወጣት ሴቶች 13 በመቶው» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፤ በ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ስለሆነ አንባቢ የ28 ዓመቷንም ይቆጥራል። የተባበሩት መንግሥታት «ወጣት» 24 ላይ፣ የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር 35 ላይ ያበቃል። የጤና ባለሙያዎች «አፍላ ወጣት» የሚሉት ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል ከ10 እስከ 19 ነው።

በወንጀል ዜና ላይ ጥንቃቄው ይጨምር። የ19 ዓመት ተከሳሽ በእንግሊዝኛ «ቲንኤጀር» ነው፤ በእኛ ሕግ ግን 18 ስለሞላው አካለ መጠን ያደረሰ ነው። «ሕፃን» ወይም «ታዳጊ» ሲባል አንባቢ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ይመስለዋል።

ስለዚህ ተርጓሚው ዋናው ጽሑፍ ዕድሜውን ከገለጸ «የ16 ዓመት ልጅ» ብሎ ቁጥሩን ያስቀምጥ። ጥናት ከሆነ ከሠንጠረዡ ግርጌ ያለውን የዕድሜ ክልል ፈልጎ ከመቶኛው ጎን ይጻፈው። ምንም ዕድሜ ካልተጠቀሰ «ከ13 እስከ 19 ባለው ዕድሜ የሚገኝ» ማለት ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር